«ጨዋ ልጅ ናት» ያልኩ ዕለት

የእጅ አልኮል በሸተተኝ ቁጥር ወደ ኮሮናው ዘመን እመለሳለሁ። ሌላውን ሰው የቅቤ ወይም የእርጥብ አፈር ሽታ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ እኔን የሚመልሰኝ ያ ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ የሚሰረስር ነገር ነው። ባለፈው ዓርብ የሰንበት ዳቦ ልገዛ እስራኤል አገር፣ በምኖርባት ረሆቮት ከተማ፣ ሄርዝል መንገድ ላይ፣ ገበያው አጠገብ ያለው ዳቦ ቤት ገባሁ። ከበሩ ጎን አንድ ጠርሙስ ዛሬም አለ፤ አቧራ ለብሷል፤ ከኔ በቀር የሚነካው ሰው ያለ አይመስለኝም። እጄ ለምዶበት ተጫንኩትና መዳፌን እያሻሸሁ ሰልፉ ጭራ ላይ ቆምኩ። ቀና ስል ከባንኮኒው ጀርባ ዳቦ የምታቀብለውን ልጅ አየኋት። ቁመቷ ተመዟል፤ ፀጉሯን በቀጫጭኑ ተሠርታ ከኋላ አስራዋለች፤ የዳቦ ቤቱን ሽርጥ አሸርጣለች። ግን ኦስናት ናት፤ የፈረደና የትርንጎ ልጅ። ካየኋት አምስት ዓመት አልፏል። ከፊቴ ሰባት ስምንት ሰው ስለነበረ ሳታየኝ ወጥቼ መሄድ እችል ነበር፤ ዳቦ ቤት እንደሆነ በከተማው ሞልቷል። ግን ለዚያች ልጅ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ፤ እሱን በሆዴ ይዤ መዞር ደክሞኛል። ቆምኩ።

እናኑ እባላለሁ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ በሰፈራችን ትምህርት ቤት መገሸረት ነበርኩ። መገሸረት የሚሏት በእኛ ሰዎችና በአስተማሪዎቹ መካከል ቆማ የአንዱን ነገር ለሌላው የምታስረዳውን ሴት ነው፤ ድልድይ እንደማለት ነው። ድልድይን ደግሞ ቆሞ የሚያመሰግነው የለም፤ ሁሉም ረግጦት ያልፋል። ወላጅ ይመጣና «ለፈረንጆቹ ወገንሽ» ይለኛል፤ አስተማሪዋ ዞር ብላ «ለራስሽ ሰዎች ታደያለሽ» ትለኛለች። ማታ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጥና ዛሬ ማንን አስቀየምኩ እያልኩ እቆጥር ነበር። ቢሆንም ሥራዬን እወደው ነበር። አልዋሽም፤ እኮራበትም ነበር።

የጀመርኩት ከኢትዮጵያ እንደመጣን ካሰፈሩን ካራቫን ወጥተን ረሆቮት በገባን ሰሞን ነው። ያኔ የአውቶቡስ ካርድ ወረቀት ነበር፤ ሾፌሩ በመብሻ ቀዳዳ ያወጣበታል፤ ልጆቻችን ያለቀውን ካርድ እየሰበሰቡ ይጫወቱበት ነበር። ሴቶቻችን በነጠላቸው ላይ ያንን ሰፊ የእርዳታ ካፖርት ደርበው፣ ዓርብ ጠዋት ገበያው መዝጊያ ላይ የረከሰ ቲማቲም በሸቀል ሁለት ኪሎ ይገዛሉ። ከቴል አቪቭ መናኸሪያ የጎንደር ዘፈን ካሴት ያመጣ ሰው ካለ ሕንፃው በሙሉ ያንኑ ካሴት ሲሰማ ይሰነብታል፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ካልከፈተው አንደኛ ፎቅ ያለው ይከፍተዋል። በዚያ ዘመን ነው አንዷ አስተማሪ ጠርታ፣ «ይህ ሕፃን ችግር አለበት፤ ዓይኔን አያየኝም፤ ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል፤ ወደ ልዩ ክፍል መላክ አለበት» ያለችኝ። በተሰባበረ ዕብራይስጤ ቆሜ ተከራከርኳት። በእኛ አገር ልጅ ታላቁን ዓይን ዓይኑን ካየ ዓይን አውጣ ነው፤ ስድ ነው ይባላል። ይህ ልጅ እያከበረሽ ነው፤ እናቱ በሥርዓት ነው ያሳደጉት፤ ችግር የለበትም አልኳት። ልጁ ከክፍሉ ሳይወጣ ቀረ። ዛሬ ቂርያት ቫይዝማን ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ መሐንዲስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያችን ንግግር ስንት ጊዜ እንደደገምኳት አላውቅም፤ ለአዲስ አስተማሪ፣ ለሐኪም፣ ለፖሊስ ሳይቀር። በኋላማ ሳላስብበት ነበር የምትወጣው።

እንግዲህ ያ የኮሮና ጊዜ መጣ። ሰገር ይሉት ነበር፣ ሁሉን ነገር ዘግቶ ሰውን ቤቱ ማስቀመጡን። ያ ዘመን አሁን ሲያወሩት ተረት ይመስላል። ከፋሲካ በፊት እንቁላል ከከተማው ጠፍቶ፣ አንድ ትሪ እንቁላል ያገኘ ሰው ነጠላው ሥር ደብቆ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። የአፍ መሸፈኛ መጀመሪያ እንደ ወርቅ ተወደደ፤ ጎረቤቴ አሮጌ ቀሚሷን ቀድዳ፣ ጥለቱን ፊት ለፊት አድርጋ ትሰፋልን ጀመር፤ ሰፈራችን በሙሉ ባለጥለት አፍ ይዞ ዞረ። ሄርዝል መንገድ ላይ መኪና ስለጠፋ ከከተማው ዳር የቀሩት የብርቱካን ዛፎች አበባ ሽታ እስከ መስኮታችን ይደርስ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ስኖር እንዲህ ሸቶኝ አያውቅም። ሽማግሌዎቻችን በየሰገነቱ ቆመው ይጸልያሉ፤ አንዱ ሲጀምር ከማዶ ያለው ይቀበላል። እንዲህ ሲሉት ደስ የሚል ጊዜ ይመስላል። ከተዘጋው በር ጀርባ ያለውን ግን ማን አየው? ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ቢያንስ ጽዳት የምትሠራዋ ሴት ታየዋለች፤ ጓደኛው ያየዋል፤ እኔ ኮሪደር ላይ አየዋለሁ። ያኔ ልጅ ማለት ስክሪን ላይ ያለች ትንሽ ሳጥን ሆነች።

የኦስናት አባት ፈረደ የቤተ እስራኤል ቄስ ልጅ ነው። አውቀዋለሁ፤ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው። ሰው ሲያልፍ ተነስቶ የሚያሳልፍ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛና ወንበር ሲያዘጋጅ ይውላል፤ ሠርግ ሲቀር ሥራውም ቀረ፤ ቤት ዋለ፤ አረቄ ለመደ። ሚስቱ ትርንጎ መዝከረት ባትያ አጠገብ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ታጸዳ ነበር። በሽታው ወደ ሽማግሌዎቹ እንዳይገባ ተብሎ ሠራተኞቹ እዚያው እያደሩ ይሠሩ ስለነበር ሳምንት አሥር ቀን ቤቷ አትገባም። እሷ የሰው እናትና አባት ስትጠብቅ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ኦስናት ሁለት ታናናሾቿን ይዛ ከአባቷ ጋር ቀረች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ማወቅ ግን ሌላ ነው፤ ማየት ሌላ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የኦስናት አስተማሪ ጋሊት ደወለች። ወጣት ልጅ ናት፤ ነገር የምታጠብቅ ዓይነት። እኔ የዚያን ዕለት ከወላጆች ጋር ስለ ኮምፒውተርና ስለ ይለፍ ቃል ስጨቃጨቅ ጆሮዬ ግሎ ነበር።

«እናኑ፣ ስለ ኦስናት ልጠይቅሽ። ካሜራዋን ስትከፍት ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየኝ። ስጠራት ቀና አትልም። ይህ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ደግሞ ሹራብ ለብሳ ነው የምትቀመጠው። የሆነ ነገር ያለ ይመስለኛል።»

«ጋሊት፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ባህል ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ ታላቁን ዓይን ዓይኑን አያይም። አሁን ደግሞ ቤቷ ገብተሽ፣ አባቷ ባለበት ነው የምታናግሪያት፤ እንዴት ቀና ትበል? ጨዋ ልጅ ናት። አያቷ ቄስ ናቸው።»

«ሹራቡስ?»

«የእኛ ሰው ብርድ አይወድም።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና መልሴን ጻፈችው፤ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲንኳኳ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ሞኟ እኔ ነበርኩ፤ ወረቀቱም የእኔን ቃል ያዘ። «አንቺ ታውቂያለሽ» ማለቷ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ለቤተሰቦች የምግብ ካርቶን ማደል ጀመረ፤ ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይት፣ የቱና ቆርቆሮ፣ ከላይ የልጆቹ ደብተር። ካርቶኑን በር ላይ አስቀምጡ፣ ደውሉ፣ ሁለት ሜትር ራቁ የሚል ትእዛዝ ነበር። እኔ ግን አልሆንልኝ አለ። ምግብ መሬት አስቀምጦ መሄድ ለውሻ ነው። የእኛ ሰው እንዲህ ተደርጎ የተሰጠውን ከሚበላ ጦሙን ቢያድር ይመርጣል። ስለዚህ እጄን በአልኮል አሽቼ፣ በአፌ ላይ ያችን ባለጥለት ጨርቅ አጥብቄ፣ በር ላይ ቆሜ በእጄ እሰጥ ነበር። የፈረደ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ አይሠራም። ተንጠራውዤ ወጥቼ ደወልኩ። በሩ ስንጥቅ ያህል ተከፈተና ኦስናት ብቅ አለች። ካርቶኑን ዘረጋሁላት። ቀኝ እጇን ብቻ አወጣች።

እንግዲህ የእኛ ልጅ ከታላቅ ሰው በአንድ እጅ አይቀበልም። ይህን ከእናት ጡት ጋር ነው የሚጠባው፤ የዕብራይስጥ እንጂ ያማርኛ ቃል የማይወጣቸው ልጆች እንኳ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚቀበሉት። ደክሞኝ ነበር፤ ተበሳጨሁ።

«ኧረ ነውር ነው! በአንድ እጅ ነው ከታላቅ የሚቀበሉት? ማን አሳደጋት ይሉሻል!»

«ይቅርታ» አለች። ግራ እጇን ልታነሳ ሞከረች። የሹራቧ እጅጌ ወደ ኋላ ሸሸ። ከክርኗ በታች አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ቅርፁን ለቅቋል። አንድ ትንሽ ድምፅ አወጣች፤ ልቅሶ አይደለም፤ ትንፋሽ ነው። ካርቶኑ ከመሃላችን ወደቀና ምስሩ ደረጃው ላይ ፈሰሰ።

«ማን ነው?» አለ ፈረደ ከውስጥ። ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። «እንዴ! እናኑ! ግቢ እንጂ፤ በር ላይ ምን ያቆምሻል?» ለሰላምታ እጅ ነሳ፤ የአረቄው ሽታ በአፍ መሸፈኛዬ አልፎ ደረሰኝ። ዓይኔ የት እንዳለ ሲያይ፣ «ከደረጃ ወድቃ ነው» አለ። «እዚህ ወጌሻ የት ይገኛል? ሐኪም ቤት እንዳልወስዳት በሽታውን ፈራሁ። በቅባት እያሸሁላት ነው።» ከኋላው ሁለቱ ትንንሾች ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ኦስናት ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ ምስር ትለቅም ጀመር። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ይህ አክብሮት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የሁለቱን ልዩነት አላውቅም ነበር ብዬ አልምልም። እኔም ልጅ ሆኜ ያደግሁት አባት ባለበት ቤት ነው፤ ለአክብሮት ዓይኔን የሰበርኩበትን ቀን ዱላ ፈርቼ ከሰበርኩበት ለይቼ አውቀዋለሁ። ለፈረንጆቹ ስተረጉም ግን ሁለቱን አንድ አድርጌ ኖርኩ።

«እግዚአብሔር ይማራት» ብዬ ወረድኩ። አንደኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። በእኛ ደንብ የቤት ገመና ወደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። የሰፈራችን ቄስና ሽማግሌዎቹ ይጠራሉ፤ ፈረደ ጉልበታቸውን ይስማል፤ ይምላል፤ እነሱም መርቀው ይሄዳሉ፤ አንድ ሁለት ወር ቤቱ ጸጥ ይላል። በዚህ መንገድ የዳነ ትዳር አይቻለሁ፤ አልንቀውም። ርቫሃ የሚሉት የመንግሥት የቤተሰብ ጉዳይ ቢሮ ደግሞ በእኛ ዘንድ ስሙ ያስደነግጣል። ልጅ ወሰዱ፣ እህትና ወንድም ለያዩ፣ እናት አስለቀሱ ይባላል፤ የተባለውም ሁሉ ውሸት አይደለም። ስልኬን አወጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የደወልኩት ለቄሱ ነው። ሁለት ጊዜ ጠራ። በሁለቱ ጥሪ መካከል ከላይ ምስሩ ሲጠረግ ተሰማኝ፤ መጥረጊያውን የያዘችው በየትኛው እጇ ይሆን አልኩ። ዘጋሁት። ለጋሊት ደወልኩ።

«ያን የጻፍሽውን ሰርዢው» አልኳት። «የነገርኩሽ ልክ አልነበረም። እጇ ተሰብሯል። ለርቫሃ አሁን ደውይ፤ እኔ ከታች በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ።»

መጡ። ሁለት ሴቶችና አንድ ፖሊስ። ኦስናት ስትወርድ በአጠገቤ አለፈች፤ ቀና አላለችም። ሦስቱንም ልጆች ነስ ጺዮና የምትኖር አክስታቸው ተቀበለቻቸው፤ ቢያንስ አልተለያዩም። ፈረደ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ከቤት ወጣ። ትርንጎ ከሥራዋ ስትመለስ ከሕንፃዬ ሥር፣ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ፣ «እናኑ፣ ለእኔ መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም። ሽማግሌዎቹ «ልጅ ለፖሊስ የሰጠች» አሉኝ። ልቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰፊ ቦታ ይለቁልኛል፤ ለአክብሮት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ሰው ይለምዳል።

የማልችለው አንድ ነገር ነው። ሐኪሙ ስብራቱ ሳምንት ያህል ሆኖታል ብሎ ነበር፤ አጥንቱ ተጣሞ መግጠም ጀምሯል፤ ቢቃናም እንደ ድሮው አይሆንም አለ። ጋሊት ደውላ የጠየቀችኝ ግን ካርቶኑን ካደረስኩበት ቀን አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ስትጠይቀኝ የኦስናት እጅ ገና አልተሰበረም ነበር ማለት ነው፤ ሹራቡ ያኔ የሸፈነው ሌላ ሰንበር መሆን አለበት። «አላውቅም፤ ሄደን እንያት» ብል ኖሮ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ አንድ ሰው ያን በር ያንኳኳ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት ነው የእኔ ጀግንነት። ሰዎቹ በነገረኛነት ይከሱኛል፤ ትምህርት ቤቱ ጡረታ ስወጣ አበባ ሰጥቶ አመሰገነኝ፤ ሁለቱም አያውቁም። የምናውቀው ጋሊትና እኔ ነን። ጋሊት ሌላ ከተማ ሄደች።

ተራዬ ቀረበ። ከፊቴ የነበሩት አሮጊት ዳቦአቸውን ሲቀበሉ ኦስናት ሁለቱንም እጇን ስትዘረጋላቸው አየሁ። ግራው እስከ መጨረሻው አይዘረጋም።

«ሻባት ሻሎም፣ ምን ላ...» አለችና አፏን ያዘች። «እማማ እናኑ! አንቱ ነዎት? ደህና ነዎት? ዋይ፣ ስንት ጊዜ ላገኝዎ ፈልጌ! አክስቴን ይጠይቋት፣ ሁሌ ነው የማወራት። ያን ቀን ባይቆጡኝ፣ ናኾን፣ አይደል? በሩን እዘጋው ነበር። ካርቶኑን ወስጄ በቃ። ማንም አያይም ነበር። አንቱ ነዎት ያዳኑኝ።»

ፊቷ በርቶ ነበር። ምስጋናውን ተቀብዬ፣ መርቄያት፣ ዳቦዬን ይዤ ብወጣ ማን ይጠይቀኛል? ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ምስጋና ስንት ጊዜ ይገኛል? ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «ኑ፣ ያላ!» እያለ ያጣድፈናል።

«ኦስናት፣ አላዳንኩሽም» አልኳት። «ጋሊት ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ቀድማ ደውላ ጠይቃኝ ነበር። ቀና አትልም፤ በሙቀት ሹራብ ለብሳለች፤ አንድ ነገር አለ አለችኝ። እኔ ጨዋ ልጅ ናት፣ ባህላችን ነው አልኳት። እጅሽ የተሰበረው ከዚያ በኋላ ነው።»

እጇ ወረቀት ከረጢቱ ላይ ቀረ።

«አሥራ አንድ?»

«አሥራ አንድ።»

«ጋሊት አይታኝ ነበር?»

«አይታሽ ነበር። እኔ ነኝ ያሳሳትኳት።»

«እኔ ደግሞ ማንም አላየኝም ብዬ...» አለችና ተወችው። ሰውዬው እንደገና «ያላ» አለ። ዞር ብላ በዕብራይስጥ «ሬጋ!» አለችው፤ ቆይ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ፣ «ስንት ዳቦ?» አለች።

«ሁለት።»

ሁለት ዳቦ ከረጢት ውስጥ ከተተች። አፉን አጠፈችው፤ ሳትቸኩል፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ግራ እጇን ባንኮኒው ላይ አሳረፈችና ከረጢቱን በቀኟ ብቻ ዘረጋችልኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ሽፋሽፍቷን ሳታርገበግብ። ተቆጥታ ይሁን ይቅር ብላኝ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም፤ የሰውን ልጅ ፊት ተርጓሚ መሆኔን ትቻለሁ።

ዓይኔን ሰበርኩ። ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።